ክፍሉ ንጹሕ ነው ብለው ካሣ ለከለከሉን ኃላፊ

ለተከበሩ የመድን ድርጅቱ የካሣ መምሪያ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከመኝታ ቤትዎ ኮርኒስ በላይ ተጋድመው ለሚያልፉት የውሃ ቧንቧዎች ሁሉ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። ቧንቧን ከቤተሰብ ጋር መቁጠሬ እንዳያስገርምዎ፤ የእኛ ቤት ቧንቧ ከታመመ ወዲህ ቤተሰቡ በሙሉ አብሮት ታሟል።

መሥሪያ ቤትዎ የሚያውቀኝ በፖሊሲ ቁጥሬ ብቻ ስለሆነ ራሴን ላስተዋውቅ። ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት አንድ መስታወትና አንድ ወንበር ያላት ሱቅ አለችኝ። የሽያጭ ሠራተኛዎ ፀጉሩን ሊስተካከል መጥቶ «ሳይቃጠል በቅጠል» የተሰኘች፣ ስለ ቤተሰብ መድን ተግባራዊ ምክር የምትሰጥ ትንሽ መጽሐፍ ትቶልኝ ሄደ። ሽፋኗ ላይ አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ። ምን እንዳሳቃቸው በጊዜው ባልጠይቅም መጽሐፏን አነበብኳት፣ አመንኳት፣ ቤቴንም ዕቃዬንም መድን አስገባሁ። በዚህም አላበቃሁም። በመቀስ ሥር ያለ ሰው ምክር ለመቃወም ስለማይደፍር፣ ወንበሬ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ስለ መድን ጥቅም ስሰብክ ከረምኩ፤ ሰምተው የገቡም አሉ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ደንበኛዎ ብቻ ሳይሆን ደመወዝ ያልተቆረጠለት ሠራተኛዎም መሆኑን በትሕትና አስታውሳለሁ።

የጉዳዩ ባለቤት ግን እኔ አይደለሁም፤ እናቴ ናት። እናቴ ዓይኖቿ ከጠፉ ቆይቷል። ሆኖም በቤቱ ጫፍ ባለችው ክፍሏ ውስጥ ማየት የሚባል ነገር ጎድሏት አያውቅም ነበር። ከበሩ ገብታ ቀኝ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ትሄዳለች፤ መጀመሪያ የአንገት ልብሷ የሚንጠለጠልበት ምስማር፣ ቀጥሎ እጀታው የተሸረፈው ቁም ሣጥን፣ ከዚያ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ሥር አልጋዋ። ያችን ክፍል በእጇ ነው የምታነባት። በዚያች ክፍል ውስጥ ማንንም ሳትጠራ ትለብሳለች፣ ትተኛለች፣ ትነሣለች፤ የቤቱ እመቤትም እሷው ነበረች። ቅሬታዎቼ ሁሉ የሚነሡት ከዚችው ክፍል ነው፤ ለንባብ እንዲመችዎም በቁጥር አስቀምጫቸዋለሁ።

1ኛ. ስለ ባለቤቴ የሙያ ምስክር ወረቀት

እኔ ሱቅ፣ እናቴ ደጅ ፀሐይ ላይ በነበርንበት አንድ ረፋድ፣ በክፍሏ ኮርኒስ ላይ የሚያልፈው ቧንቧ ፈነዳ። የኮርኒሱ ጣውላ ተገንጥሎ አልጋው ላይ ወደቀ፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ውሃ ጠጣ። ፀሐይዋን ያወጣልንን አምላክ አመስግነን፣ በመጽሐፏ ምክር መሠረት ወዲያው ወደ እናንተ ደወልን፤ ስልኩን ያነሣችው ልጅም ማር በሆነ አንደበት የጉዳት ገምጋሚው ነገ ቤታችሁ ይመጣል አለችን።

ክቡር ሆይ፣ ጥፋታችን የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ባለቤቴ ልጅቷ በስልክ ከተናገረችው ሁሉ የሰማችው «ሰው ቤታችሁ ይመጣል» የሚለውን ብቻ ነበር። ከመሥሪያ ቤት የተላከ የተከበረ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤታችን ሲመጣ ወለሉ ላይ ጭቃ፣ አልጋው ላይ የኮርኒስ ስብርባሪ ሊያይ ነው! ምን ይለናል? እኅቷን ጠራች፣ ጎረቤቶቿን ጠራች፤ መጥረጊያና ባልዲ ያለው ሁሉ ተሰለፈ። የወደቀው ኮርኒስ ተለቅሞ ቆሻሻ መጣያ ገባ። የተቀደደው ጣሪያ በነጭ አንሶላ ተሸፈነ። ርጥቡ ግድግዳ ከሱቄ በተረፈ ቀለም ተቀባ፤ ቀለሙን የቀባሁትም፣ ልደብቅዎ አልችልም፣ እኔው ነኝ። የጎረቤታችን ሚስት እንግዳው እንዳይጎረብጠው ብላ ከሳሎኗ ደህናውን ወንበር ይዛ መጣች።

ገምጋሚዎ በማግስቱ መጡ። ጫማቸው የሚያበራ ሰው ናቸው፤ ወንበሩንም እንግድነቱንም አልፈለጉም። የክፍሉ ደፍ ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ አዩ። እናቴ ድምፃቸውን ሰምታ፣ «ልጄ፣ ግድግዳውን እስቲ በእጅህ ዳስሰው» አለቻቸው። እሳቸውም በፍጹም ጨዋነት፣ «ይታየኛል እማማ፣ ይታየኛል» ብለው መለሱላት። ከዚያም ክፍሉ ንጹሕ እንደሆነና ምንም ዓይነት ጉዳት እንዳልታየ የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰን። ባለቤቴ በትዳር ዘመኗ ሁሉ ስትጠርግ ስትወለውል ኖራ፣ ከእኔም ሆነ ከልጆቿ አንድ ቀን በጽሑፍ ምስጋና አግኝታ አታውቅም። ይህን ክብር ከእርስዎ መሥሪያ ቤት በማግኘቷ እጅግ እናመሰግናለን።

2ኛ. ስለ ታዛዥነታችን

አቤቱታ ይዤ በመጣሁ ጊዜ፣ ገምጋሚው እስኪያየው ድረስ ምንም ነገር መንካት እንዳልነበረብን ሠራተኞችዎ በትዕግሥት አስረዱኝ። እውነት ነው፤ ጥፋታችንን አምነን ወደ ቤታችን ተመለስን። በሰፈራችን «ጠብታ» የሚባለው ቧንቧ ሠራተኛ፣ ቁርጡ እስኪታወቅ ይቆይልህ ብሎ የፈነዳውን ቧንቧ በላስቲክ ጠምጥሞልን ነበር። ላስቲክ ላስቲክ ነውና፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ቧንቧው እዚያው ቦታ ላይ ዳግመኛ ፈነዳ። ጠብታ መጥቶ የውሃውን መዝጊያ ዘጋና ጥገናውን ሊጀምር መሰላሉን ሲያቆም፣ እጁን ይዤ አስቆምኩት።

በዚህን ጊዜ ታዛዥነታችንን ቢያዩ ኖሮ ልጆችዎን በእኛ ምሳሌነት ይመክሩ ነበር። እናቴን ሳሎን አስተኛናት፤ ክፍሏን ቆለፍን፤ በሩ ላይ «እንዳይነካ» የሚል ወረቀት ለጠፍን። ውሃው ወለሉ ላይ ተኛ፣ ፍራሹ ጠጣ፣ ቁም ሣጥኑ አብጦ መዝጊያው አልከፈት አለ፤ ግድግዳውም ጢም እንደሚያበቅል ጎረምሳ ሻጋታ ማብቀል ጀመረ። ባለቤቴ በዚያ በር አጠገብ ባለፈች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። አንድ ቀን መጥረጊያ ከጀርባዋ ደብቃ ቁልፉን ስትፈልግ ደርሼባት፣ ተይ ብዬ ተቆጣኋት፤ አለቀሰችብኝ። መድናችንን ላለማጣት ስል በራሴ ሚስት ላይ ዘበኛ ሆኜ ቆምኩ ማለት ነው።

ገምጋሚዎ ግን በዚህኛው ጊዜ አልቸኮሉም። መጀመሪያ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ቀጥሎ መኪናቸው ተበላሸች፤ ከዚያ ፈቃድ ወጡ፤ ከፈቃድ ሲመለሱም ሥራ ተከምሮ ጠበቃቸው። ሻጋታው የመስኮቱን ጫፍ ካለፈ በኋላ መጡና፣ አሁንም ደፉ ላይ ቆመው፣ አሁንም አንድ ጊዜ ግራ አንድ ጊዜ ቀኝ አይተው፣ መሐረብ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ሄዱ። የደረሰን ደብዳቤ፣ መድን ገቢው ጉዳቱ እንዳይባባስ ሊያደርግ የሚገባውን ጥንቃቄ ባለማድረጉ ካሣ አይከፈለውም ይላል። ፊርማው ያው የመጀመሪያው ፊርማ ነው።

3ኛ. ሁለቱ ደብዳቤዎች ጎን ለጎን

ሁለቱን ደብዳቤዎች ሱቄ ውስጥ መስታወቱ ሥር ለጥፌያቸዋለሁ። ደንበኞቼ ያነቧቸውና መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ወዲያው ደግሞ የራሳቸው መድን ትዝ ይላቸዋል። በአንደኛው ደብዳቤ ጥፋታችን ማጽዳታችን ነው። በሁለተኛው ጥፋታችን አለማጽዳታችን ነው። እንግዲህ የእርስዎን ካሣ ለማግኘት የሚበቃው፣ ግማሹን ክፍል ጠርጎ ግማሹን የተወ ቤተሰብ ይሆን? እንዲያ ከሆነ ባለቤቴ እስከ አልጋው ድረስ ብቻ ለመጥረግ ፈቃደኛ መሆኗን ገልጻለች፤ መጥረጊያው የት ላይ መቆም እንዳለበት በኖራ መስመር እንዲያሰምሩልን ብቻ ትለምናለች። የመድኑን ክፍያ፣ አረቦኑን፣ ስንከፍል ግን በግማሽ ተቀበሉን ብለን እንደማናውቅ ይመዝገብልን።

4ኛ. ስለ ሳሎኑ

እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢያጥር ይቅር ይበሉኝ፤ ከዚህ በላይ መቀለድ አልችልም። እናቴ ሳሎኑን አታውቀውም። የልጆች ቦርሳ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ይወድቃል፣ ወንበሩ ይጎተታል፣ ጠረጴዛው ይዞራል፤ እሷም ሁለት እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ እንደ እንግዳ ትራመዳለች። ቅልጥሟ በጠረጴዛው ማዕዘን ተመትቶ ጠቁሯል። ከሁሉ ከሁሉ ያንገበገበኝ፣ ወንበር በተጋፋች ቁጥር ሰው የነካች መስሏት «ይቅርታ ልጄ» ማለቷ ነው። በገዛ ቤቷ ውስጥ ወንበር ይቅርታ ትጠይቃለች! ማታ ማታ ከሥራ ስገባ የምትጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ሰዎቹ ምን አሉ? ክፍሌ ደረቀ?» ትለኛለች። መጀመሪያ እየተነሣች ትጠይቀኝ ነበር። አሁን አሁን ከተኛችበት ሳትነሣ ነው። ሐኪም አየልኝ፤ እግሯ ደህና ነው፣ መራመድ ስለፈራች ነው አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ተናድጃለሁ፤ በእርስዎም፣ በገምጋሚዎም፣ ከሁሉ ይልቅ «እንዳይነካ» ብሎ በእናቱ በር ላይ ወረቀት በለጠፈው በራሴ ተናድጃለሁ።

መጽሐፋችሁ የዘነጋቻቸው ጥቂት ምክሮች ስላሉ፣ በሚቀጥለው እትም ላይ ያለ ምንም ክፍያ እንድትጨምሯቸው እፈቅዳለሁ። ቤተሰብ ያላችሁ ሁሉ ስሙ፤ የጉዳት ገምጋሚ እንግዳ አይደለም፣ ቤት አይጠረግለትም። መጥረጊያ ከማንሣታችሁ በፊት ስልካችሁን አንሡና ከሩቅም ከቅርብም ፎቶ አንሡ። ውሃውን ዝጉ፤ ዕቃችሁን ወደ ደረቅ ቦታ አውጡ፤ የተሰበረውን ግን አትጣሉት፣ ጥግ ላይ አስቀምጡት። አትንኩ ሲሏችሁ በጽሑፍ ስጡን በሉ፤ ንኩ ሲሏችሁም እንደዚያው፤ ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ከመፈረማችሁ በፊት የፖሊሲውን የጀርባ ገጾች፣ ፊደሉ እንደ ጉንዳን የተርመሰመሰበትን በተለይ፣ ዓይኑ በሚያይ ሰው አስነብቡ። ገምጋሚው ሲመጣ ደግሞ ደፉ ላይ አታቁሙት፤ እጁን ይዛችሁ ግድግዳው ድረስ ውሰዱት። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ የእኔ መድን ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀርቷል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ላሳውቅዎ። ትናንት ወረቀቱን ከበሩ ላይ ቀድጄ ጣልኩት። ጠብታ ቧንቧውን በአዲስ ተካ፤ ዋጋውን ስጠይቀው እስክሸብት ድረስ በነፃ ትላጨኛለህ አለኝ። ጎረቤቶቼ ሻጋታውን ፋቁ፤ ባለቤቴም መጥረጊያዋን ከተደበቀበት አውጥታ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የታመቀ ንዴቷን ወለሉ ላይ ተወጣች። ምስማሩን በቦታው መታሁት፤ ቁም ሣጥኑንም ከነተሸረፈ እጀታው መለስነው። እንግዲህ ማስረጃው በሙሉ ጠፍቷል። አሁን ገምጋሚዎ ቢመጡ «ምንም ጉዳት አልታየም» ብለው በሙሉ ልብ መጻፍ ይችላሉ፤ እኛም አንቃወምም።

ለሰጡን ትምህርት፣ ላስተማሩን ትዕግሥትና ለባለቤቴ ለሰጧት የንጽሕና ምስክርነት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ፀጉርዎ ባደገ ጊዜ ወንበሬ ክፍት መሆኑን አስታውቃለሁ። እጄ ቀስ ያለ ነው፤ ሁለቱም ደብዳቤዎች ፊት ለፊትዎ ስለሚሆኑ የሚያነቡት አያጡም።

አረቦኑን ቀኑን ሳያሳልፍ ሲከፍል የኖረው፣ የቀድሞ ሰባኪዎና የዛሬው ታዛዥዎ፣
የመስታወቷ ሱቅ ፀጉር አስተካካይ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለእናቴ አነበብኩላት። አትቆጣቸው፣ አለማየት በማንም ይደርሳል አለችኝ። ከዚያ ተነሣች፤ ከክፍሏ በር ጀምራ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ በምስማሩ፣ በቁም ሣጥኑ፣ በመስኮቱ በኩል ቀስ እያለች ሄደች። ከአልጋዋ በላይ ስትደርስ ቆመችና ቦታውን ደጋግማ ዳሰሰች። «እዚህ ጋ ገና ነው፤ አልጋዬን ትንሽ ፈቀቅ አድርጉልኝ» አለች። በመሥሪያ ቤትዎ የጉዳት ገምጋሚ ክፍት የሥራ ቦታ ካለ እንዲያስቧት እለምናለሁ። ዓይን የላትም፤ ግን ግድግዳ ሳትነካ ደርቋል አትልም።