ባጃጄ ዳገቱን የወጣችበት ዕለት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ ባጃጄ ፊልትሮ፣ የቤንዚን ማጣሪያ፣ ገባላት፤ ያስገባሁላትም እኔው በገዛ እጄ! ባለፈው ሳምንት ቡርቃ ጃቶ ዳገት ላይ ሰው እንደጫንኩ ሞተሯ ሲጠፋብኝ፣ ባለቤቴ ገመቹ "አንድ ጊዜ ብትደግም እንሸጣታለን" ብሎ ነበር። ማንን ነው የሚሸጠው? የእሱ ናት እንዴ?

ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ የነጠላዬ ነው። ማደያው ሲደርቅ ሾፌሮች ሁላችንም ከመንገድ ዳር ቤንዚን በጀሪካን እንገዛና፣ የታንከሩ አፍ ላይ አሮጌ ነጠላ ዘርግተን እናጠልላለን። ለካ የኔ ነጠላ ቆሻሻውን እየያዘ ጥጡን ይለቅ ኖሯል! ካርቡሬተሩን ከፍቼ ባየው ብናኝ ሞልቶታል።

ቤንዚኑ ከታንከር የሚወርድበትን የጎማ ቱቦ ቆረጥኩና ፊልትሮዋን መሃሉ ላይ ሰካኋት። ላይዋ ላይ የተሳለውን ቀስት ወደ ሞተሩ አዙሬ ግራና ቀኙን አጥብቄ አሰርኩ። ተራ የሚጠብቁት ሾፌሮች ከበውኝ ይስቃሉ። ከመካከላቸው ቶሌራ፣ "አዴ፣ ይቺን ለሻይ ማጥለያ ብታደርጊያት አይሻልም?" አለኝ።

"አንተ ዳገቱ ላይ ስትቆም ሻይህን ይዤልህ እመጣለሁ!" አልኩት። ሳቁ ወደ እሱ ዞረ።

ከዚያ ሦስት ሰው ጫንኩና ያንኑ ዳገት ያዝኩ። እንኳን ልትጠፋ አላሳለችም! ቁልቁል ስመለስ ብቻዬን ዘፈንኩ።

ማታ ገመቹ አጎንብሶ በፊልትሮዋ መስታወት የተጠራቀመውን ቆሻሻ አየ። "ይሄ ሁሉ በአንድ ቀን?" አለ እንጂ ስለ መሸጥ አልተነፈሰም። ነገ ጠዋት ሥራ ቦታው የማደርሰው እኔ ነኝ፤ ያውም በዚያው ዳገት።