ቁም ሳጥን ላይ የተወጠረ ሽቦ

ሃርግሮቭ እርሻ፣ ሚሲሲፒ
የጥጥ ኩትኳቶ ሰሞን፣ 1928

ውድ ወንድም ጋሼ ሩፈስ፣

ይህን ደብዳቤ የት ሆነህ እንደምታነበው አላውቅም። ትምህርት ቤት የምሄደው ጥጥ በማይዘራበትና በማይለቀምበት ጊዜ ብቻ መሆኑን ታውቃለህ፤ ስለዚህ ጽሑፌ ቢንጋደድ ታገሰኝ። ፊት ለፊቴ ብትቆም ኖሮ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልነግርህም ነበር። ዝም ብዬ ጫማህን አይ ነበር።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ዋናውን ወደ ኋላ ማቆየት ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁና። በድሮው ቤት የለንም። እዚያ ሄደህ ብታንኳኳ የሚከፍቱልህ የማታውቃቸው ሰዎች ናቸው። አሁን ያለነው ሃርግሮቭ እርሻ ላይ ነው፤ ከጥጥ መዳመጫው ኋላ ባለችው ቤት። እማዬ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ።

ባለፈው መኸር ጥጡ ተለቅሞ ሲያልቅ ባለርስቱ መጣ። ከፈረሱም አልወረደም። «ወንድ ለሌለበት ቤት መሬቴንና በቅሎዬን አልሰጥም» አለ። እማዬ «እሺ ጌታዬ» አለች። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ወደ ቤት አልገባችም፤ አንተ የሄድክበትን መንገድ እያየች ብዙ ቆመች። ከዚያ «ዶሮዎቹን ያዢ» አለችኝና ዕቃ ማሰር ጀመርን።

ዕቃችን ጋሪውን አልሞላውም። ሁሉም ከተጫነ በኋላ ሽቦህ ግድግዳው ላይ ቀርቶ አየሁት። ከመጥረጊያው ማሰሪያ ፈትተህ በሁለት ምስማር የወጠርከው፣ ከሥሩ የሱረት ጠርሙስ ያስገባህበት ሽቦ። ሽቦውን መንቀል ይቻላል፤ ግድግዳውን ግን ማን ይጭነዋል? «ጊታር የሚገዛ ሰው ሳጥን ይገዛል፤ እኛ ሳጥኑ ውስጥ እንኖራለን» ትለኝ ነበር። የጠርሙስ አንገት ጣትህ ላይ አጥልቀህ ሽቦውን ስትዳብሰው ቤቱ ሁሉ ያቃስት ነበር። እኔ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ አልጋዬ ላይ ሆኜ ጆሮዬን እንጨቱ ላይ እለጥፍ ነበር። መጫወት የለመድኩት እንዲያ ነው። አንተ አታውቅም።

ሌላም የማታውቀው ነገር አለ። እማዬ ሽቦውን አልነቀለችውም። ግድግዳውን ስትጠርግ ዙሪያውን ትጠርግና እሱን ሳትነካው ታልፋለች። «ወይ የቅዳሜውን ዘፈን ወይ የእሑዱን መዝሙር ምረጥ» ባለችህ ቀን እኔ ከምድጃው ኋላ ነበርኩ። አንተ «ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ ጉሮሮ ነው እማዬ» አልካት። እሷም «እንግዲያው ጉሮሮህን ይዘህ ውጣ» አለች። ትወጣለህ ብላ ያሰበች አይመስለኝም። በዘፈን ሰው እየሰበሰበ ከሚዞረው መድኃኒት ሻጭ ድንኳን ጋር መሄድህን ስንሰማ የቤተ ክርስቲያን መሪው የመዝሙሩን መስመር ተናግሮ ሕዝቡ እየተቀበለ ነበር። የእማዬ ድምፅ ብቻ አልነበረበትም። አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም።

ከሄድክ ወዲህ ማሳው ዝም ብሏል። ሰው ሞልቷል፤ ይዘፍናሉ፤ አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይመልሳል። ግን እንደ አንተ ከወዲያኛው የጥጥ ረድፍ አናት ላይ ጩኸቱን አጥፎ የሚለቅ የለም። እኔ ለማንም መልሼ አላውቅም። ለአንተም በሆዴ ነበር የምመልስልህ። አሁን መልሱ እዚያው ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል፤ አንዳንዴ ይከብደኛል።

አዲሱ ቤት ከገባን በኋላ እማዬ በሌለችበት አንድ ሽቦ ወጠርኩ። ይሄኛው ግድግዳ የአንተን ያህል አይናገርም፤ እንጨቱ እርጥብ ነው። ቢሆንም አንድ ቀን እየነካካሁት ሳለ በመስኮቱ አንድ ጭንቅላት ገባ። እትዬ ሎቬኒያ ናት፤ የሰው ልብስ የምታጥብ ጎረቤታችን። ቤተ ክርስቲያን አትሄድም፤ ግን ከእማዬ ጋር ይዋደዳሉ።

«ቤቱን ምን አድርገሽው ነው የሚያለቅሰው?» አለችኝ።

«ምንም።»

«እስቲ አሁንም ምንም አድርጊው፤ ልስማ።»

ጀርባዬን ሰጥቻት ተጫወትኩ። ሽቦው ግድግዳ ላይ ስለሆነ ፊትን ወደ ግድግዳ ማድረግ የግድ ነው፤ እሱ ነው የሚያስደፍረኝ። ስጨርስ እትዬ ሎቬኒያ ከተማ ውስጥ ስላለው የቤት ዕቃ ሱቅ ነገረችኝ። ከሰሜን የመጡ ሰዎች ፎቁ ላይ መሣሪያ ተክለው የእኛን ሰዎች ዘፈን ሸክላ ላይ እየቀዱ ነው አለች። «ሸክላው ቺካጎ ይሄዳል፣ ሜምፊስ ይሄዳል፣ ሴንት ሉዊስ ይሄዳል። ቦታ አይቀረውም። እኔ እዚህ የሰው አንሶላ ስፈትግ የጎረቤቴ ድምፅ ቺካጎ ውስጥ ሲጨፈርበት ይታይሽ።»

ያን ሌሊት አልተኛሁም ማለት አይደለም፤ ተኝቻለሁ። ግን ስነቃ ሐሳቡ አብሮኝ ነቃ። ሸክላ ቦታ ካልቀረው አንተ ያለህበትም ይደርሳል። የአንተን ዘፈን ብዘፍነው፣ የራሴን ግጥም ጨምሬ ያለንበትን ቦታ ስም ብከትበት፣ በየትኛውም ቤት ብትሆን ትሰማዋለህ። ዘፈንህን የምታውቀው ደግሞ አንተ ነህ።

ለእማዬ ነገርኳት። የበቆሎ ዱቄት እያቦካች ነበር።

«የሩፈስን ዘፈን ልዘፍን ነው» አልኳት።

«የዓለም ዘፈን በቤቴ አይነሳም።»

«በቤትሽ አይደለም። ከተማ ነው፤ የቤት ዕቃ ሱቅ።»

«ደግሞ ሱቅ ውስጥ!»

«የት እንዳለን እንዲያውቅ ነው፣ እማዬ።»

እጇ ሊጡ ውስጥ ቆመ። ከዚያ «ያቺ ግራጫዋ ቀሚስሽ ብብቷ ተቀዷል፤ አምጫት ልስፋት» አለች።

ከእትዬ ሎቬኒያ ጋር ሄድኩ። ደረጃው ላይ ሰው ተሰልፏል፤ ጊታር የያዘ፣ ባንጆ የያዘ፣ የጭስ ማውጫ ቱቦ የሚያህል ማሰሮ ይዞ በአፉ የሚነፋም ነበር። ተራዬ ሲደርስ ቀጂው ሰውዬ ባዶ እጄን አየ። «መሣሪያሽስ?» አለኝ።

እትዬ ሎቬኒያ መለሰችልኝ፤ «ቤት ነው መሣሪያዋ፣ ጌታዬ። አውልቀን ለማምጣት በቅሎ አጣን።»

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ባንጆ የያዘው ሰው «ጣራውን ብቻ ብታመጡትስ? ለዝናብም ይሆነናል» አለ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ቀጂው ግን አልሳቀም። ወዲያና ወዲህ ሲል ጥግ ላይ ሳይሸጥ የቀረ ቁም ሳጥን አየ። የሱቁ ባለቤት «ጀርባው ላይ ከሆነ ምስማር ምታበት፤ ለዓመታት እንግዳ አላየም» አለው። እትዬ ሎቬኒያ ከኪሷ ሽቦና ሁለት ምስማር አወጣች፤ ለካ አስባበት ነበር የመጣችው። በጫማዋ ተረከዝ መታችው። ያን ጊዜ ራሷን መያዝ አቅቷት በሳቅ ፈነዳች፤ ቀጂውም «መሣሪያው የሳቅሽን ድምፅ ይቀዳዋል» ብሎ ወደ ውጭ አስወጣት። በሩ ተዘጋ። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፍነዋል። ቁም ሳጥኑና እኔ ቀረን።

ቀጂው «መብራቷ ስትበራ ጨርሺ» አለኝና በጣቱ አሳየኝ። ከኋላዬ ነበረች። እሺ አልኩ። ጀርባዬን እንደምሰጣት አላሰብኩም፤ እሱም አላሰበም።

ወንድም ጋሼ፣ ያ ቁም ሳጥን ከድሮው ግድግዳችን ይበልጥ ነበር። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ያጓራል። መጀመሪያ ስነካው ደንግጬ እጄን አነሳሁ። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ።

ውሃው ሞልቶ ሄደ፣ መንገዱን በላው፣
አዎ ውሃው ሞልቶ ሄደ፣ መንገዱን በላው፣
ወንድሜን ያያችሁ፣ ቤቱን ማን ነገረው?

ከዚያ የአንተን ስንኞች አከታተልኩ፤ የባቡሩን፣ የበቅሎዋን፣ «አልጋዬ ቀዝቅዟል» የሚለውን። አልተጣደፍኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ሲጨፍር የሚሆነውን አውቃለሁ። ዘፈን ጭፈራው እስካለ ይቆያል፤ ዋናው ስንኝ የሚመጣው ሰው ሞቆት፣ ደክሞት፣ ዝም ሲል ነው። አንተም «መጀመሪያ የተነገረ ነገር እግር ሥር ይወድቃል» ትል ነበር። እኔም የሃርግሮቭን ስንኝ ለዚያ አቆየሁት። እንዲህ ነበር የሚለው፦

ሃርግሮቭ ነን አሁን፣ ከመዳመጫው ኋላ፣
አዎ ሃርግሮቭ ነን አሁን፣ ከመዳመጫው ኋላ፣
ቤታችን ይሄ ነው፣ አታንኳኳ ሌላ።

አሁን ልለው ነው ብዬ ሽቦውን ረጅም ሳብኩት። ትከሻዬ ተነካ። ዞር ስል መብራቷ በርታለች፤ ቀጂውም የመሣሪያውን ክንድ አንስቶታል። «ሸክላው ሞላ» አለኝ። «ቆንጆ ሆኗል። ማለቂያው ራሱ ያምራል።»

«አላለቀም» ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። አፌ ድረስ መጣች። ግን ባንጆ የያዘው ሰው በሩን ከፍቶ ገብቷል፣ ድምፄ የተቀረጸበት ሰም ተነስቷል፣ ሁሉም ሰው የሚቀጥለውን ያስባል፤ እኔም ጫማቸውን እያየሁ «አመሰግናለሁ ጌታዬ» ብዬ ወጣሁ። ደረጃው ሥር እትዬ ሎቬኒያ «አልሽው?» አለችኝ። አላልኩትም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ወደ ላይ ልትመለስ ስትል ቀሚሷን ያዝኩ። መንገዱን ሁሉ አልተናገረችም። እሷ ዝም ስትል ያን ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ቀሚሴን አውልቄ አጠፍኩ። «አደረስሽው?» ስትለኝ «ዘፈንኩ» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈረስ ኮቴ በሰማች ቁጥር በሩ ላይ ትወጣ ጀመር። እኔ አውቃለሁ፤ እሷ አታውቅም። ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው።

ሸክላው የመጣው አሁን ኩትኳቶ ከጀመርን በኋላ ነው። ቅዳሜ ዱቄት ልንገዛ ከእማዬ ጋር ከተማ ስንሄድ ፀጉር አስተካካዩ ቤት በመስኮት እያጫወቱት ደረስን። የራሴ ድምፅ መሆኑን ያወቅኩት በቁም ሳጥኑ ነው። እማዬ መንገዱ መሃል ቆመች። ሰው የዓለም ዘፈን ስታዳምጥ እያያት እንኳ አልተንቀሳቀሰችም። የአንተን ስንኞች አንድ በአንድ ስትሰማ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ታውቃቸዋለች ወንድም ጋሼ። ሁሉንም ታውቃቸዋለች።

መርፌው ተንሸራተተና ሸክላው ቆመ። ጥቂት ጠበቀች።

«የታል ስማችን?» አለችኝ።

«አልደረስኩበትም፣ እማዬ። ጊዜው አለቀብኝ።»

«ታዲያ የት እንዳለን በምን ያውቃል?»

እጄን ያዘችኝ፤ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ከያዘችኝ ወዲህ መጀመሪያዋ ነው። ዱቄቱን ሳንገዛ ወረቀት ገዝተን ተመለስን።

አሁን አጠገቤ ተቀምጣለች። ማንበብ ባትችልም እጄን ታየዋለች። «ሌላ ምን ልጻፍለት?» ስላት «ሲመጣ በሩ ላይ ጫማውን ያራግፍ በይው፤ ወለሉን በየቀኑ ነው የማጥበው» አለች። ቀጥሎ ወደ ምድጃው ዞራ፣ «ጊታር ገዝቶ ከሆነ እንዲህ እርጥብ ግድግዳ ላይ ማስደገፍ እንደማይሆን ያውቃል፤ አልጋው ላይ ያድርገው» አለች። ሁለቱንም እንዳለችው ጽፌልሃለሁ።

ደብዳቤውን የመኝታ ፉርጎ ባለው ባቡር ላይ ለሚሠራ ሰው እሰጠዋለሁ። ባቡሩ ውሃ ሊቀዳ ሲቆም ጋዜጣና ሸክላ የሚያመጣልን እሱ ነው። ሰሜን ያሉትን የእኛን ሰዎች ፀጉር ቤቶች ሁሉ ያውቃል። አንተን ግን አያውቅህም። «በግራ እጁ ነው የሚመታው» አልኩት፤ ሳቀና «እህቴ፣ ይሄንንማ ከብዙ ሰው መሃል ፈልጌ አገኘዋለሁ» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ደብዳቤ ይጠፋበታል ብዬ አላምንም። ግን ሊጠፋም ይችላል።

ስለዚህ ደብዳቤው ከጠፋና ሸክላው ብቻ ከደረሰህ፣ ይህን አሁን የምጽፈውን እንደማታነበው አውቃለሁ። ቢሆንም ልጻፈው። ሁለቱም ከደረሱህ ደግሞ ሸክላውን እስከ ዳር አዳምጠው፤ መርፌውን ፈጥነህ አታንሳ። ከመጨረሻው የሽቦ ድምፅ በኋላ አንዲት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስትሳብ ትሰማለች። ፀጉር ቤቱ ያሉት ሰዎች ደክሟት ነው አሉ። አልደከመኝም ነበር። ልጠራህ ነበር።

እህትህ
አርዜላ