የባለቤቴን ፊት ስለ መመለስ

ለክቡር የፎቶ ማከማቻው ድርጅት የ«ትዝታዎች» ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የእኔን ጤና፣ የምውልበትንና የማድርበትን ጭምር፣ ከእኔ ይልቅ እናንተ ስለምታውቁት በመግለጽ አላደክምዎትም። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የምጠግነው መሳፍንት ነኝ።

አንደኛ፣ ባለቤቴ የኔአለም በታመመች ጊዜ፣ ጠጉሯ ረግፎ ፊቷ አብጦ ሳለ፣ ለሐኪሟ የማሳየው አንድ ፎቶ አንሥቻት ነበር። ከሐኪሙ በቀር ማንም እንዳያየው አስምላኛለች። ስልኬ ግን እኔን ሳያማክር ወደ ክላውዳችሁ፣ ወደ ሩቁ ማከማቻችሁ፣ ልኮት ኖሯል፤ ስለ ትጋቱ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ በአርባዋ ዕለት አማኑኤል ከተማ፣ እናቷ ቤት፣ የሠርጋችንን ፎቶ ይዩት ብዬ ስልኬን ለአማቴ ለወይዘሮ አለሚቱ ሰጠኋቸው። ያን ጊዜ «የማይረሱ ቀናት» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለና ያ ፎቶ ከጭፈራ ሙዚቃ ጋር ተከፈተ። ልጃቸው ሳትሠቃይ እንዳረፈች የነገርኳቸው እኔ ነበርኩ። ስልኩን መልሰው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ከዚያ ወዲህ አላናገሩኝም። እኛ ሙታችንን ቀን ቆጥረን፣ በአርባም በሙት ዓመትም እናስባለን፤ እናንተ ቄስ ሳትጠሩ ባሻችሁ ቀን ተዝካሯን ስለምታወጡልን እግዜር ይስጥልኝ።

ሦስተኛ፣ ፎቶዋን መልሱልኝ ብዬ ከመለመን ይልቅ ትንሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠራሁ። ፎቶዎቼን አንድ በአንድ ከእናንተ ዘንድ ወደ ራሴ ሃርድ ዲስክ ያወርዳል፣ አለመጉደላቸውን ያመሳክራል፣ ከዚያ እናንተ ጋ ያለውን ያጠፋል። መብራት ሲመጣና ሲሄድ በሦስት ቀን አለቀ። ዲስኩንም የኔአለም ቀሚሶቿን ታኖርበት በነበረው ሳጥን ቆለፍኩበት። ድርጅታችሁ የጠፋ ፎቶ ከስልሳ ቀን በኋላ እናንተ ዘንድ ምንም እንደማይቀር በጽሑፍ ስላረጋገጠልኝ፣ ስልሳውን ቀን እንደ ሱባኤ ቆጠርኩት። መሐላዬን የጠበቅሁላት መስሎኝ ነበር።

ስለማይደክመው ትዝታዎ እጅ እየነሣሁ፣
ደንበኛችሁ የነበርኩ፣ ሳልሆንም ያልቀረሁ፣
መሳፍንት በላቸው

ማሳሰቢያ፦ በስልሳ አንደኛው ቀን ልጃችንን ዜማን ለትምህርት ቤት መታወቂያዋ ፎቶ አነሣኋት። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቁርጥ እናቷን ናት። የሰው ስልክ የምጠግን ሰው የራሴን መላኪያ መዝጋት ረስቼ ኖሮ፣ ፎቶው ወደ እናንተ ሄደ፤ እናንተም ድሮ ስሟን ከጻፍኩበት ከእናቷ ፊት ጋር አመሳስላችሁ ከሥሩ «የኔአለም» ብላችሁ ጻፋችሁበት። ፎቶዎቿን ወስጃለሁ፤ ፊቷን ግን ለካ እናንተው ዘንድ ትቼዋለሁ። ዜማ ጽሑፉን አንብባ፣ እማዬ እዚህ ውስጥ አለች እንዴ ብላ ጠይቃኛለችና፣ መልሱን ለእሷ ይጻፉላት።