ከጉበኑ የወረደው ዱቄት

ጎንደር፣ ቁስቋም
መጋቢት ፲፱ ቀን ፲፱፻፵፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለሐረገወይን፤ አምባ ጊዮርጊስ፣ በእናትሽ በእመት ሸዋአየሁ ቤት።

እንደምን ከርመሻል? የእናትሽስ እግር ተሻላቸው? እኔ እንዳለሁ አለሁ። ጤናዬን እንዳልጠየቅሽኝ ዐውቃለሁ፤ ቢሆንም ደኅና ነኝ።

ይህን ወረቀት የሚያመጣልሽ ሾፌሩ ዋሴ ነው። ከወረቀቱ ጋራ በጆንያ የተጠቀለለ የእንጨት ጉማጅ ይሰጥሻል። ማገዶ መስሎሽ እሳት ውስጥ እንዳትጨምሪው፤ ምን እንደሆነ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

የሚያነቡልሽ መምሬ ወልደኢየሱስ እንደሚሆኑ ዐውቃለሁ። በተጋባን ሰሞን ፊደል አስቆጥረኝ ብለሽ ስትለምኚኝ “ለሴት ምን ያደርግላታል” ብዬ ሳቅሁብሽ። ይኸው አሁን ለሚስቴ የምለውን ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ሌላ ሰው ሆነ። መምሬ፣ ይፍቱኝ፤ ያለውን እንዳለ ያንብቡላት።

ከዶሮዎቹ ልጀምር፤ ስለ እነሱ ማውራት ይቀለኛል። ትተሽ ከሄድሻቸው ከሦስቱ አንዷን ሽለምጥማጥ በላት። ሁለተኛዋን ጭልፊት ዓይኔ እያየ ከጓሮ አነሣት፤ መጥረቢያዬን ወርውሬ የጎመኑን መደብ ነው የቆረጥኩት። የቀረችው ቀይዋ ናት፤ ስትሄጂ ቄብ የነበረችው። ዛሬ እናት ሆናለች። ከጎረቤት አውራ ዶሮ ጋራ እየዋለች እንቁላል ትጥላለች፤ ጾሙ ከገባ ወዲህ ደግሞ የሚበላው ስለሌለ ዘጠኙን ሰብስቤ ጭድ አንጥፌ አስታቅፌያታለሁ። ለዚህ ሥራ ጎረቤታችን እንኳየሁ መሳቂያ አድርጋኛለች። በአጥሩ ላይ አንገቷን ታሰግግና “ምነው አያ ፋንታሁን፣ ዛሬስ ስንት ጣልክ?” ትለኛለች። መሮና መጋዝ የያዘ እጅ ጥሬ ሲበትን ቢያዩት የማይስቅ ማን አለ? ትሳቅ። የሚያናድደኝ ዶሮዋ ናት፤ አንቺ በምትጠሪያት ድምፅ ስጠራት ቀና ብላ በሩን ታያለች እንጂ ወደ እኔ አትመጣም።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እናትሽና መምሬ ግን ከእኔ ይስሙት።

አምና ግንቦት ላይ ጠዋት ጠዋት ደፋችን ላይ ቢጫ ዱቄት ፈስሶ ይገኝ ጀመር። ትጠርጊዋለሽ፣ በማግስቱ ደግሞ ይገኛል። በሦስተኛው ቀን ገብስማው አውራ ዶሮ ዱቄቱን ሲለቅም አየሁት። ማታ አንገቱ ተጠምዝዞ ወደቀ። በሳምንት ውስጥ ከአሥራ አራቱ ዶሮዎችሽ አሥራ አንዱ አለቁ። እኔም “ለእኔ የተደገሰው መተት ዶሮዎቹን በላ” አልኩ። እመት ሸዋአየሁ ሊጠይቁን መጥተው የሄዱት በዚያው ሰሞን ነበርና፣ እሳቸው አምጥተው አንቺ በተንሽው አልኩ።

“እኔው በትኜ እኔው እጠርገዋለሁ?” አልሽኝ።

“ለማስመሰል ነው” አልኩሽ።

“የእንኳየሁም ዶሮዎች እኮ አልቀዋል። ፈንግል ነው የገባው። የእሷ ዶሮዎች የእኛን ደፍ መቼ ረገጡ?”

ጮኽኩብሽ። በእሑዱም ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ፊት አቆምኩሽ። እነ አያ ክንዱ “በይ ማዪና ነገሩ ይለቅ” ሲሉሽ ያልሽው ቃል አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው። “አሥራ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ ቃሌ ካልበቃው፣ ማተቤን ይዤ ብምልም አይበቃውም” አልሽ። ነጠላሽን አጣፍተሽ በዚያው ወጣሽ፤ ወደ ቤትም አልተመለስሽ። እኔ ደግሞ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሬ “አያችሁ፣ መማል ፈራች” አልኳቸው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም።

ዱቄቱ አንቺ ከሄድሽ በኋላም ወረደ። ይህን ማንም አያውቅም። ክረምት ሲገባ ተወ እንጂ ሰኔን ሙሉ ወርዷል። “ቀድማ የደበቀችው ነው” እያልኩ እኔው ራሴ በመጥረጊያ እየገፋሁ አወጣው ነበር። መድኃኒት ይነካኛል ብዬ ፈርቼ አንዴም በእጄ አልዳሰስኩትም።

ዘንድሮ በየካቲት መጨረሻ ቀይዋ ዶሮ ጠዋት ደፉ ላይ ቆማ ሽቅብ ታያለች። አንገቷን ዘንበል ታደርጋለች፣ ትዘላለች፣ ትወድቃለች፣ ደግማ ትዘላለች። ምን አይታ ነው ብዬ ብጠጋ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ጥቁር ንብ በሩ ላይ እያጓራ ይዞራል። ወዲያው ከላይ ያ ቢጫ ዱቄት ብን ብን እያለ ጀርባዋ ላይ ወረደ። ላባዋን አራግፋ ሄደች፤ ምንም አልሆነች።

በርጩማ አምጥቼ ወጣሁና ጆሮዬን ከበሩ በላይ ባለው ጉበን ላይ ለጠፍኩ። ውስጡ ይፋቃል። ከበስተ ውስጥ፣ ጥላሸቱ በሸፈነው በኩል፣ በእኔ መሰርሰሪያ የተበሳ የሚመስል ክብ ቀዳዳ አለ። እንጨት የሚበሳው ጥቁር ንብ ነው። ማር የለው፣ ቀፎ የለው፤ እንጨት ፈልፍሎ ልጆቹን የሚያሳድግ።

ዱቄቱን ያን ጊዜ ነው በእጄ ያፈስኩት። አሸተትኩት። ጥድ ጥድ ይላል። ሐረገወይን፣ እኔ አናጺ ነኝ። ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ሰጋቱራ ስውጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ማታ ማታ ከፀጉሬ ስታራግፊልኝ የኖርሽውም አንቺ ነሽ። ያን ጉበን ከወገራ ጥድ አስመጥቼ ስጠርበው “ይህን ምስጥ አይነካው፣ ለልጅ ልጅ ነው” ብዬ የፎከርኩትም እኔው ነኝ። የገዛ እንጨቴን ሰጋቱራ መተት ብዬ ቤቴን አፈረስኩ።

መምሬ፣ እዚህ ላይ ድምፅዎን ዝቅ አያድርጉ፤ እናቷም ይስሙ። ምነው እንዲህ ታወርክ ብትይኝ ምክንያት አለኝ። ልጅ አላገኘንምና ሌላ ላግባ የሚል ሐሳብ ያን ዓመት በልቤ ይመላለስ ነበር። ስታውቂ የምታደርጊውን እፈራ ነበር። ሰው በልቡ የያዘውን በሌላው እጅ ያያል። ዱቄቱን ሳይ “ዐውቃብኛለች” አልኩ እንጂ “ምንድን ነው?” ብዬ አልጠየቅሁም። እመት ሸዋአየሁ፣ ስምዎን አጥፍቻለሁ፤ ስለ ቁስቋም ማርያም ይቅር ይበሉኝ።

ጉበኑን ነቅዬ፣ ተሸክሜ፣ ባለፈው እሑድ እዚያው አንቺን ያቆምኩበት ቦታ ሽማግሌዎቹ ፊት ሄድኩ። በመጥረቢያ ፈለጥኩት። ከውጭ ሲያዩት ደኅና እንጨት ነው፤ ውስጡ ግን እንደ መቃ ባዶ ሆኗል። በየጎጆው አንድ አንድ ነጭ ትል ተኝቷል። ሕዝቡ አየው፣ ሳቀ። አያ ክንዱ ግን አልሳቁም።

“ሸጋ። ታዲያ ለእኛ ምን ታሳየናለህ?” አሉኝ። “እሷ ያን ቀን ነግራን ነበር። እኛም ዐይተናት አምነናት ነበር። ያላመንካት አንተ ነህ።”

“ምነው ታዲያ ያን ጊዜ አልነገራችሁኝ?” አልኳቸው።

“ትሰማ ነበር?” አሉኝ።

ከፍላጩ አንዱን ጉማጅ ነው የላክሁልሽ። ለሰው ሁሉ አሳዪው። ስምሽ በአደባባይ እንደጠፋ በአደባባይ ይመለስ። እኔን ግን የመንደሩ ሰው ሰጋቱራ የማያውቅ አናጺ ብሎኛል፤ ከዚያ ወዲህ በር ሥራልኝ ያለኝ ሰው የለም።

ዋሴ ሌላም ነገር አጫወተኝ። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ የሳንጃ ሰሊጥ ነጋዴ ሊያገባሽ እናትሽን አስጠይቋል አሉ። “ሸጋ ሰው ነው” አለኝ፣ እኔን ደስ የሚለኝ ይመስል። እኔ ምን እላለሁ? አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ወንድ በሌለበት ቤት ለገና አውራ ዶሮውን ማን ባረከላችሁ? ቢላዋ ይዘሽ ደጅ ቆመሽ አላፊ አግዳሚ ለመንሽ ወይስ እሱ ነው የመጣው? መምሬ፣ ይህችን ይዝለሏት።

ተመለሽ ብዬ አልጽፍም። የማዘዝ አፍ የለኝም፤ ለመለመኑም ፊት አጣሁ። ሌላ የምልሽ ነገር ነበረኝ፤ በመምሬ አፍ የሚባል አይደለም። ያኔ ሀ ሁ ባስቆጥርሽ ኖሮ ዛሬ ብቻሽን ታነቢው ነበር።

ዶሮዋ ያንቺ ናት፤ ልልክልሽ ብዬ ነበር። አሁን ከእንቁላሉ ካነሣኋት ግን ዘጠኙም ይበላሻል። ከሆሳዕና በፊት ትፈለፍላለች። ጅብ ስለሚዞር ከአልጋዬ ሥር ነው ያስተኛኋት፤ በሩ አይዘጋማ። ጉበኑን ከነቀልኩ ወዲህ መዝጊያው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ነው ያለው። ሰው ሁሉ “አንተ አናጺ አይደለህም? ጉበን ማግባት የግማሽ ቀን ሥራ ነው” ይለኛል። እውነት ነው፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እንጨቱንም ጠርቤ ጨርሼዋለሁ። እስከ ዳግም ትንሣኤ ግን አላስገባውም።

የቁስቋም እመቤት አንቺንም እናትሽንም ትጠብቅልኝ። ጾሙን በሰላም ያስፈታሽ፤ የፋሲካ ዶሮሽንም የወደድሽው ሰው ይባርክልሽ።

የበደለሽ፣
ፋንታሁን ሐብተ ማርያም