ሁለት ወፎችና አንዲት ታንኳ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 5። ከሥራ መልስ።

መረብ ስጠግን ውዬ ገባሁ። እጄ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ አንተም መሽተትህ ነው ደብተሬ፣ ቻለው። ዛሬ የምጽፍልህ ትልቅ ነገር፦ በጣና ዳር ካሉ መረብ ጠጋኞች ሁሉ ማንበብና መጻፍ የሚችል እኔ ዳምጤ ብቻ ነኝ። እሺ፣ ሁሉንም አልጠየቅሁም። የጠየቅኋቸው ሁለት ናቸው። አንደኛው እስከ አስረኛ ክፍል ተምሬአለሁ አለኝ። ሲያየኝ ግን ዓይኑ ይሸሻል።

የማታ ትምህርቱ ካለቀ ሳምንት ሆነው። መምህሩ በየቀኑ ጻፉ ብለውናል፣ እጃችሁ እንዳይረሳ። ማሳጠርም አስተምረውናል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እማማ የሺ፣ እ/የሺ ናቸው። የባለቤቴ የስንዱ እናት። አብረውን ይኖራሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ምላሳቸው አልደከመም። አሁን የእርሳሴን ድምፅ ሰምተው፣ አይጥ ገባ እንዴ ይላሉ።

ቤቱ የሠርግ ቤት ነው። ልጃችን ብርቱካን በጥር ዱርቤቴ ትዳራለች። ስንዱ ከመርፌ አትለይም። የአልጋ ልብስ፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ የቴሌቪዥን ልብስ ትጠልፋለች። ዝም ብዬ ከተቀመጥሁ እኔንም ማልበሷ አይቀርም።

የቀረው ትራሱ ብቻ ነው። እ/የሺ ሲያገቡ በእጃቸው የጠለፉት የትራስ ልብስ ሳጥን ውስጥ አለ። ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ወፎች ያሉበት። ስንዱ እኔን ስታገባ በጥድፊያ ነበርና ሳትጠልፈው ቀረች። (ጥድፊያው በእኔ ምክንያት ነው፤ መልከ መልካም ነበርሁ።) አሁን እ/የሺ ምለዋል። የልጅ ልጃቸው ያለ ወፎቹ ከዚህ ቤት አትወጣም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 7። 10 ሰዓት ከቀኑ።

ጉድ ሆነናል።

ስንዱ ንድፉን ልትቀዳ ሳጥኑን ከፈተች። የትራሱ ልብስ አለ። ወፎቹ የሉም። ባዶ ነጭ አቡጀዲ። በታጠፈበት በኩል መሐሉን አይጥ በልቶታል፤ ግን አይጥ ሁለት ወፍ ለቅሞ ጨርቁን አይተውም።

እ/የሺ ደስ ብሏቸው ከመቀነታቸው ጥቅል ክር አወጡ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። ታንኳ በሚሠራበት በደንገል ቁራጭ ላይ የተጠቀለለ። ስጦታ መሆኑ ነው። እኛ ከቤት ስንወጣ እየጠበቁ፣ በጣታቸው እየዳሰሱ፣ የወፎቹን ጥልፍ በመርፌ ጫፍ ፈትተውታል። የዛሬ ክር አንዴ ሲታጠብ ውሃውን ቀይ ወጥ ያስመስለዋል አሉ። ለልጄ ልጅ ትራስ ከዚህ ሌላ አይገባም አሉ። ሐቃቸውን ነው። ክሩ ያን ሁሉ ዘመን ቆይቶ ያበራል።

ስንዱ ቀስ ብላ ጠየቀች። እማዬ፣ ወፎቹን ታዲያ ከምን አይቼ ልጥለፋቸው?

እ/የሺ ክሩን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ያላሰቡት ነገር ነበር። ከእኔ፣ አሉ። መርፌና አዲስ ጨርቅ ሰጠናቸው። ጣታቸው ሄደ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። ጅራቱ ላይ ጠፋቸው። እንደገና ጀመሩ። እንደገና ጠፋቸው። መርፌውን አስቀመጡት።

ወፎቹ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሊታጠቡ ሄደው ነው አልሁ። የሳቀ የለም። ስንዱ በክርኗ ጎሰመችኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 8።

እ/የሺ እህል አልቀመሱም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል።

ብርቱካን ፔዳ ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምትሠራው። ምሳ ሰዓቷን አቋርጣ መጣች። ስልኳን ዘርግታ፣ እዚህ ውስጥ የማይቆጠር ወፍ አለልሽ እማማ፣ የወደድሽውን ምረጪ አለች። እ/የሺ ሳይዞሩ መለሱ፦ «የሰው ወፍ ነው።» ልጅቱ ዓይኗን እየጠራረገች ወጣች።

ስንዱ ያን ጊዜ ነገረችኝ። የትራስ ልብሱ የተጠለፈው ለአባቷ ነው። አባቷ የታንኳ ሰው ነበር፤ ከዘጌ እንጨት እየጫነ እዚህ ያራግፋል። ስንዱ በሆድ ሳለች አንድ ቀን ወጥቶ ጣና ላይ ቀረ። ፎቶ የለውም። እኔ አማቴን አላውቀውም፤ ስንዱም አባቷን አታውቀውም። የቀረላቸው ራሱን ያሳረፈበት ጨርቅ ብቻ ነበር። እሱንም እ/የሺ በገዛ እጃቸው ፈቱት፣ ለማስደሰት ብለው።

ዛሬ ቀልድ አልመጣልኝም። መዝግብልኝ ደብተሬ፤ በእኔ ያልተለመደ ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 10። ጠዋት።

ቆሜ ነው የምጽፈው።

ስንዱ ቆርጣለች። ጨርቁን ልጠበውና ብርቱካን ባዶውን ትያዘው አለች። ሳፋው ቀርቧል፣ ሳሙናው ሟሙቷል። እኔ አይጥ የበላውን ልጣፍላትና ልጀነን ብዬ ተቀበልኋት። መረብ መሬት ላይ ተዘርግቶ ቀዳዳው አይታይም፤ ወደ ፀሐይ ታነሣዋለህ። እንደ ልማዴ አነሣሁት።

ወፎቹ እዚያው ናቸው።

መርፌ የገባበት ሁሉ ቀዳዳ ቀርቷል። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ብርሃን ይገባል። ክንፉ፣ ጅራቱ፣ ዓይኑ፣ ቀንበጥ የመሰለው እግሩ፣ ሁሉም በብርሃን ተጠልፎ። ክሩ የነበረበትም ከሌላው ነጣ ይላል፣ ፀሐይ ስላላገኘው። በዚህ እድሜዬ ብዙ ቀዳዳ አይቻለሁ፤ ኑሮዬ ቀዳዳ ማየት ነው። እንዲህ ያለ ግን አላየሁም።

ስንዱን ጠራኋት። መጥታ ከጎኔ ቆመች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ውሃ ቢነካው እኮ ይደፈን ነበር አለች። ሳፋውን በእግሯ ገፋችው።

ለእ/የሺ አልነገርንም። እንዳይጠፋብን ፈራን።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 11። ከቅዳሴ መልስ።

የሂሳብ ደብተሬ ካሬ ካሬ ነው። ማታ ት/ቤት መደመር የተማርሁበት። ጥልፉ ደግሞ አንዱ ስፌት አንድ ትንሽ መስቀል፣ በአራት ማዕዘኑ አራት ቀዳዳ። አንዱን መስቀል በአንድ ካሬ አኖርሁት። ስንዱ ጨርቁን መስኮቱ ላይ ወጥራ ትይዛለች፤ እኔ እቀዳለሁ። ተሳስተሃል ትለኛለች። አጠፋለሁ። መምህሩ ቢያዩኝ ኖሮ ላጲሱን ጨረስህ ብለው ይቆጡ ነበር።

ስቀዳ ነው የገባኝ። ግራው ወፍና ቀኙ ወፍ አንዲት መስቀል አይበላለጡም። እ/የሺ ያን ጊዜ ከብርቱካን ያነሱ ልጅ ናቸው። ደብተር የላቸው፣ ፊደል የላቸው፣ የሚያሳያቸው የለ። ሁሉን በራሳቸው ውስጥ ይዘው በጨርቅ ላይ አወረዱት። እኔ «ሀ»ን ቀጥ ለማድረግ ያየሁትን አበሳ አንተ ታውቃለህ። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

እ/የሺ ሹክሹክታችንን ሰምተው፣ ምን ትሠራላችሁ አሉ። ወፎችዎን እያነበብሁ ነው አልኋቸው። ልሙት በል አሉ። ልሙት አልሁ። ከጅራቱ ጀምሬ ረድፍ በረድፍ ነገርኋቸው። ወደ እኛ ዞሩ። ጣታቸው ብርድ ልብሱ ላይ እየተከተለኝ ነበር።

ከዚያ የወፎቹ ምንቃር መካከል ደረስሁ። አይጡ የበላው እሱን ነው። መዳፍ የሚያህል ክፍተት።

እ/የሺ ጠየቁ። መሐል ላይስ ምን አለ? ስንዱ አየችኝ። እሷ ልጅ ሆና ያየችውን አታስታውስም፤ አንድ ነገር ነበረ፣ ያ ብቻ። ጨርቁን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ። ጠርዙን አየሁ። ጫፍና ጫፍ ላይ ቀዳዳ ቀርቷል።

ታንኳ ናት አልሁ።

እ/የሺ ተነሥተው ተቀመጡ። «እየሄደች ነው እየመጣች?» አሉ።

እየመጣች አልሁ።

እግራቸውን ከአልጋው አወረዱ። ከዚያ ምሳ አምጡ አሉ፤ በልተውም ሽሮው ጨው አንሶታል ብለው ስንዱን ተቆጡ። ስንዱ እየተቆጧት ታለቅሳለች፣ ትስቃለች።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 14።

ጥልፉ ተጀምሯል። ወ/ሮ ስንዱ የሂሳብ ደብተሬን ወስዳ ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች፤ ያንተን ታናሽ ወንድም ማለት ነው። እ/የሺ ክሩን ከደንገሉ እየፈቱ ያቀብላሉ። ስንዱ የጨረሰችውን በጣታቸው ያያሉ። እዚህ ጋ ሳብሽው፣ አላዪው፣ ይላሉ። ልክ ናቸው። አንዴ ስንዱ ብርሃን ላይ አድርጋ እንኳ ያላየችውን ስሕተት በአውራ ጣታቸው አገኙት። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ብርቱካን ስዕሉን አየችና፣ አባዬ አንተ ነህ የሳልኸው አለች። የማያውቅ አማት እንዳልሆንሁ ለባልሽ ንገሪው አልኋት። ሐይቁ ዳርም ለመረብ ጠጋኞቹ አወራሁ። አስረኛ ክፍል የደረሰው ሰውዬ፣ ዓሣ ብትጠልፍልን ይሻል ነበር አለ። ቅናት ነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 20። 9 ሰዓት ከቀኑ።

ትራሱ አለቀ። ሁለቱ ወፎች ይተያያሉ፣ መሐላቸው ቢጫ ታንኳ፣ በድሮው ክር። ስንዱ አልጋ ላይ አኑራው ቆማ ታያለች። ብርቱካን እንዳይቆሽሽ ብላ አትነካውም። እ/የሺ ታንኳዋን ብቻ ይዳስሳሉ። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ደግሞ ከጫፍ። እኔ እዚህ ደጅ ላይ ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ።

ከዚህ በፊት በዋሸሁህ ጊዜ ወዲያው እውነቱን ጽፌልህ መልሼዋለሁ፤ የአስረኛ ክፍሉን ሰውዬም ጭምር። አንዱን ግን አልመለስሁትም። የወፎቹ ሁሉም ነገር እውነት ነው። ያየሁትን ነው የቀዳሁት፣ አንድ መስቀል አልጨመርሁም። ጠርዙ ላይ ግን ምንም ቀዳዳ አልነበረም። አይጡ ንጹሕ አድርጎ ነው የበላው። መሐል ላይ አበባ ይሁን፣ ዘውድ ይሁን፣ ሌላ ወፍ ይሁን እግዜር ነው የሚያውቅ። ታንኳዋ የእኔ ናት።

ለማንም አልነግርም። በሕይወቴ የማልኩራራበት አንድ ነገር ሠራሁ ማለት ነው።

ግን ደብተሬ፣ ከእሑድ ጀምሮ አንድ ነገር አላስተኛኝም። እ/የሺ እየሄደች ነው እየመጣች ብለው ጠየቁኝ እንጂ፣ ነበረች ወይ ብለው አልጠየቁኝም።