ለማንጋፉ የጋራ ቤታችን «ሆልዲንግ» ሊቀ መንበር፤ ስለ አሰለፈች ክፍል ኤሲ

ለተከበሩ አቶ የሺጥላ
የእናት ኩባንያው የቦርድ ሊቀ መንበር፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚና የማኅተሙ ብቸኛ ያዥ
ማንጋፍ፣ ኩዌት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ እጅ እነሣለሁ። እርስዎን፣ የሚያሽከረክሩትን መኪና፣ በተለይም የመኪናውን ኤሲ ፈጣሪ ከክፉ ነገር ሁሉ እንዲጠብቅልን የዘወትር ጸሎታችን ነው። እኛ በበኩላችን፣ ከሐምሌው ሙቀት በቀር፣ ስሙ ይመስገን ደኅና ነን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ጌጤነሽ ነኝ፤ ሪቃይ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ዘንድ የምሠራ የቤት ሠራተኛ፣ በእርስዎ መልካም ፈቃድ ደግሞ፣ የእኔን ፈቃድ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ የጋዝ ኩባንያው ሙዲራ። ሥራ አስኪያጅ ለመሆን ወደ ኩዌት እንዳልመጣሁ ያውቃሉ፤ ቢሆንም ሹመት አይገፋምና ተቀብያለሁ።

ደብዳቤው በማኅበራችን ግሩፕ ላይ ስለሚወጣና አዲስ የገቡት ልጆችም ስለሚያነቡት፣ ነገሩ ከየት እንደተነሣ ባጭሩ ብናገር ቅር እንደማይልዎ አምናለሁ። እኛ ማንጋፍ ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ቤት በጋራ ተከራይተን፣ በኢጃዛ፣ በእረፍት ቀናችን፣ አርብ አርብ እየተሰበሰብን የምንበላባት፣ ሻንጣችንን የምናስቀምጥባት፣ ሲያመን የምንተኛባት፣ ማዳም ስትቆጣን ሄደን የምናለቅስባት ሰዎች ነን። ድሮ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ያየው ሰው ይጠግነው ነበር። ጋዝ ሲያልቅ ሽሮ ልሥራ ብላ የተነሣችው ታስመጣ ነበር። የሒሳብ አያያዝ ፖሊሲያችን ምንድነው ብሎ የጠየቀን ባይኖርም፣ ቢጠይቀን ኖሮ «እስቲ ያለሽን አምጪ» የሚል ነበር።

ከዚያ እርስዎ ሥራ ቀየሩ። አዲሱ አሠሪዎ የመብራትና የውሃ ኩባንያዎችን በሥሩ የሰበሰበ የአንድ ትልቅ ሆልዲንግ የፋይናንስ ኃላፊ ናቸው አሉ። እሳቸው ስብሰባ ሲውሉ እርስዎ ፓርኪንግ ውስጥ ሆነው፣ ከኋላ ወንበር ላይ የተረሳውን ዓመታዊ ሪፖርት ማንበብ ጀመሩ። የሰው ሾፌር ቲክቶክ ያያል፤ የእኛው ግን የተጠቃለለ የሒሳብ መግለጫ ያነባል እያልን፣ በእውነት ነው የምልዎ፣ ኮርተን ነበር። መጨረሻው እዚህ እንደሚያደርሰን ብናውቅ ኖሮ ቲክቶክ እንዲያዩ ካርድ እየሞላን እንልክልዎ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው አርብ፣ ገና እጃችንን ሳንታጠብ፣ ትልቅ ካርቶን ግድግዳው ላይ ለጠፉ። ከላይ በትልቁ ሣጥን ውስጥ እርስዎ ነበሩ፤ ከእርስዎ ወደ ታች በሚወርዱት መስመሮች ጫፍ ላይ ደግሞ እኛ ተንጠልጥለን ነበር። ቤታችን ከዛሬ ጀምሮ ቤት ሳትሆን ሆልዲንግ መሆኗን፣ በሥሯም የውሃ ኩባንያ በዳምጤ፣ የማቀዝቀዣ ኩባንያ በብሩክታዊት፣ የጋዝ ኩባንያ በእኔ እንደሚመራ፣ እያንዳንዱም ራሱን የቻለ ሕጋዊ ሰውነት እንዳለው አስረዱን። አጨበጨብን። ምን እናድርግ፣ ሽሮው እየቀዘቀዘ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናችንን በተራ በተራ እንድናቀርብ ይፈቀድልን።

አንደኛ፣ ስለ አደረጃጀቱ ከልብ እናመሰግናለን። ዳምጤ እዚሁ ማንጋፍ የሕንፃ ጥበቃ የሆነ፣ እትዬ ጌጤ ብሎ ከሚጠራኝ አፉ ክፉ ቃል ወጥቶ የማያውቅ ጨዋ ልጅ ነው። በእርስዎ መዋቅር መሠረት ግን ለሽሮዬ ውሃ በቀዳሁ ቁጥር በእህት ኩባንያዎች መካከል የተደረገ ግብይት ነው እያለ እንዲያስፈርመኝ ታዘዘ። እሱ ሻይ ሊያፈላ ምድጃ ሲለኩስ ደግሞ እኔ እንዳስፈርመው ታዘዝኩ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር፤ በሁለተኛው አርብ ሳቄ ቆመ። በሦስተኛው እሱ ሻይውን፣ እኔም ሽሮዬን ትተን፣ ከባቃላው ሱቅ ሳንድዊች ገዝተን ጀርባና ጀርባ ሆነን በላን። እሱም ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ ማለቱን ትቶ «ሙዲራ» ይለኝ ጀመር። ይህ ሁሉ በእርስዎ የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ «የወጪ ቅነሳ» ተብሎ መመዝገቡን ስሰማ፣ ደስታዬን የት እንደማደርገው ጨነቀኝ።

ሁለተኛ፣ የእርጅና ቅናሽ የሚባለውን የሒሳብ ፖሊሲ ስላስተማሩን ውለታዎን አንረሳም። በፖሊሲው መሠረት ማንኛውም ዕቃ በየዓመቱ ዋጋው እየተቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ ዜሮ ይሆናል። ፍሪጁ ዜሮ ሆነ፤ ፍራሾቹ ዜሮ ሆኑ፤ የሁለቱ ክፍሎች የመስኮት ኤሲዎችም ዜሮ ሆኑ። ፍሪጁ ዜሮ መሆኑን የነገረው ሰው ስለሌለ እስካሁን ውሃ ያቀዘቅዛል። ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ እኔን ራሴን በየትኛው መስመር ላይ እንደቀነሱኝ ለማየት ፈልጌ ነበር፤ ግን መዝገቡን ለማየት የቦርድ ውሳኔ ያስፈልጋል ተባልኩ። ቦርዱ እርስዎ ነዎት።

ሦስተኛው ግን፣ ክቡር ሊቀ መንበር፣ ምስጋና ለመሆን እምቢ ስላለኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አሰለፈች፣ ማኅበራችን ውስጥ ከሁላችንም ዝምተኛዋ፣ ሆዷን ተከፍታ የሐሞት ከረጢቷ ወጣ። ማዳሟ፣ እግዜር ይስጣት፣ እስክታገግም አሳረፈቻት፤ እሷም እዚያው ቤት ብትተኛ «አንድ ጊዜ ብቻ» እየተባለች ልብስ እንደምታጥፍ ስለምታውቅ ወደ ማንጋፍ መጣች። የእኔም ማዳም ከነቤተሰቧ ለእረፍት ወደ ውጭ አገር ስለሄደች፣ አስፈቅጄ ላስታምማት አብሬያት ሆንኩ። ሐኪሙ ቁስሉን ላብ እንዳይነካው፣ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ ትተኛ ብሎ ነበር። በመጣች በማግስቱ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የመኝታ ክፍሉ ኤሲ ጉርርር ብሎ ዝም አለ።

የሐምሌን ማንጋፍ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ከቀዝቃዛው ቧንቧ የሚወርደው ውሃ እጅ ያቃጥላል። ብሩክታዊት ወዲያው ደወለችልዎ። እርስዎም በድምፅ መልእክት፣ በዚያ ግርማ ሞገስ ባለው ድምፅዎ፣ የማቀዝቀዣ ኩባንያው ራሱን የቻለ ድርጅት ስለሆነ ችግሩን በራሱ አቅም እንዲፈታ፣ ከእህት ኩባንያ መበደር ከፈለገ ደግሞ ጥያቄውን በጽሑፍ ለቦርዱ እንዲያቀርብ፣ ቦርዱም በሩብ ዓመቱ መጨረሻ እንደሚሰበሰብ አስታወቁን። አሰለፈች አልጋው ላይ ሆና ድምፅዎን እንጂ ቃሉን አልሰማችም። ምን አለ ብላ ስትጠይቀን መንገድ ተዘጋግቶበት ነው አልናት።

ኢብራሂም፣ አርዲያ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው፣ ማኅበርተኛችን እንኳ ሳይሆን በወንድምነት ብቻ፣ መፍቻውን ይዞ መጣ። ከፍቶ አየውና ሞተሩ ተቃጥሏል፣ የሚጠገን አይደለም አለን። ሌላ ኤሲ የላችሁም ወይ ሲለን ተያየን። አለን እንጂ! ትንሿ ክፍል፣ እርስዎ «ዋና መሥሪያ ቤት» ብለው በር የቆለፉባት፣ ጠረጴዛና ማኅተም የተቀመጠባት ክፍል፣ አርብ አርብ ብቻ የሚበራ ደኅና ኤሲ አላት። እንግዲያው ቁልፉን ይላኩልንና ጠረጴዛውን አውጥተን አሰለፈችን እዚያ እናስተኛት ብለን ለመንንዎ። እርስዎም የእናት ኩባንያ ንብረት ለንዑስ ኩባንያ ዕዳ ተጠያቂ እንዳይሆን ሕጉ እንደሚከለክል፣ ይህም «ሊሚትድ ላያቢሊቲ» እንደሚባል፣ ትልልቆቹም የሚሠሩት እንደዚህ እንደሆነ አስረዱን። እናት ኩባንያ የሚለውን ስም ያወጣው ሰው እናት ኖራው አታውቅም መሰለኝ።

ይህን ሲያስረዱን አሰለፈች የት እንደነበረች ልንገርዎ? የመታጠቢያ ቤቱ ሸክላ ቀዝቀዝ ስለሚል፣ ወለሉን አድርቀን፣ አንሶላ አንጥፈን፣ እዚያ አስተኝተናት ነበር። ሰው ነች እኮ! ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ እኔና ብሩክታዊት ያንን በቀስትና በሣጥን የተሞላ ካርቶንዎን ከግድግዳው ገንጥለን ስናራግባት፣ እናንተ ደከማችሁ፣ ተዉኝ፣ ደኅና ነኝ ትለን ነበር። ብዙ ጊዜ ተናድጄብዎ አውቃለሁ፣ ጋሼ የሺጥላ፤ ያን ቀን ግን አዘንኩብዎ፤ ሐዘኑ ከንዴቱ ባሰብኝ።

ስለዚህ የሦስቱ ንዑስ ኩባንያዎች ሥራ አስኪያጆች፣ ዳምጤን ከሥራው ጠርተን፣ እዚያው መታጠቢያ ቤት በር ላይ ቆመን አስቸኳይ ስብሰባ አደረግን። እኔና ዳምጤ ከረጅም ጊዜ በኋላ በቀጥታ ተነጋገርን፤ «እትዬ ጌጤ፣ በረንዳው አለ አይደል?» አለኝ፤ ሌላ ቃለ ጉባኤ አላስፈለገንም። የዋናው መሥሪያ ቤት በር እንደተቆለፈ፣ ቁልፉም እንደተከበረ ነው፤ ኢብራሂምና ዳምጤ በበረንዳው በኩል ዞረው ኤሲውን ከመስኮቱ ነቅለው አወጡትና መኝታ ክፍሉ መስኮት ላይ ገጠሙት። ስርቆት እንዳይመስልዎ አደራ። በሒሳብ ፖሊሲዎ መሠረት የዚያ ኤሲ የመዝገብ ዋጋ ዜሮ ስለሆነ፣ ከእናት ኩባንያው የወሰድነው ምንም ነገር የለም። በእርስዎ መዝገብ ላይ አንዲት ቁጥር አትነቃነቅም። አሰለፈች ግን ተኛች።

ሲመሽ ነቃች። ክፍሉ ቀዝቅዞ፣ ፊቷ ወዝ መልሶ፣ ትንሽ አጥሚት ጠጣች። ከዚያ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ምን እንደነበር ያውቃሉ? ጋሼ የሺጥላ ከሆስፒታል መውጣቴን ሰምቷል ወይ፣ ይጨነቅ ይሆናል፣ ደውላችሁ ደኅና ናት በሉት አለችን። ኤሲውን ማን ያመጣው ይመስልሻል ብለን ስንጠይቃትም፣ ሳታመነታ የእርስዎን ስም ጠራች። እርስዎ ያልላኩት ሰው በዚህ ሙቀት እንዲህ ፈጥኖ አይመጣም አለች። ብሩክታዊት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔም፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ አዎ እሱ ነው የላከው አልኳት።

ይኸው እስከ ዛሬ እውነቱን አልነገርናትም፤ ይህንንም ደብዳቤ ግሩፑ ላይ እንዳታነበው ስልኳን «እረፊ» ብዬ ወስጄባታለሁ፤ በየቀኑ መቼ ይመጣል ትለናለች፣ በየቀኑም ስብሰባ ላይ ነው እንላታለን። እኛ ውሸት አልቆብናል። መጥተው እውነት ቢያደርጉልን ምናለበት?

ክቡርነትዎ የጀመሩትን ታላቅ የመዋቅር ለውጥ በጤናና በዕድሜ እንዲፈጽሙ፣ ከተቻለም ከነጭራሹ እንዲረሱት እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት፣ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት፣ ከሣጥኑ ሥር ከተንጠለጠልኩበት መስመር ላይ ሆኜ እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ
ጌጤነሽ
የጋዝ ኩባንያው ሙዲራ፣ ጸሐፊ፣ ተላላኪና ወጥ ሠሪ

ማስታወሻ፦ የፊታችን አርብ ምሳ አለ። ሕጉን ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ ራሱን የቻለ ንዑስ ኩባንያ ለእናት ኩባንያ ሊቀ መንበር ምሳ የማቅረብ ግዴታ የለበትም። የታመመ ሊጠይቅ የመጣን ሰው ግን ሳያበሉ መሸኘት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ሳህን እንድናስቀምጥ፣ በየትኛው በኩል፣ በሊቀ መንበርነት ወይስ በጠያቂነት፣ እንደሚመጡ በቅድሚያ ቢያሳውቁን።