የባቄላው ሾርባና የወንድምሽ በሬ

ውድ አስካለ፣

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ቀደም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ነገር ግን የሙት ዓመትሽ ጣጣ እስኪያልፍ ድረስ ከንዴቴ የተነሣ አንዲት መስመር አቃንቼ መጻፍ አቃተኝ። ንዴቴ ዛሬም አልበረደም። ብዕር መያዝ ግን ችያለሁና፣ ወንድምሽ በጸሎቱ ከስሶኝ ሳይቀድመኝ እኔው ልንገርሽ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። ክረምቱ ከባድ ነበር፤ በአፍንጮ በር በኩል ያለው ግድግዳ ጭቃው ረግፎ ማገሩ ታየ። ሠራተኛው አጣሞ ስለለሰነው ሁለት ጊዜ አስፈርሼ አሠራሁት። ወጥ ቤታችን ጥሩነሽ ባል አግብታ ወደ ሰላሌ ሄደች። እሷ ከሄደች ወዲህ ምሳዬ ከግሪኩ ሱቅ የምገዛው ዳቦ ነው። መሥሪያ ቤቴ እንደ ድሮው ነው፤ ተሳስቶ የተተረጎመ ወረቀት ይመጣል፣ አርሜ እመልሳለሁ፣ በሳምንቱ ያው ስሕተት ተመልሶ ይመጣል። አንቺ መሄድሽን ያልሰማ የመሰለኝ ጓሮሽ ብቻ ነው። ዱባሽ ማንም ሳይኮተኩተው አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤታችን ዘሀራ ግቢ ገባና እዚያ አፈራ። ለእኔ አንድ እንኳ አልተወልኝም። ዘሀራ እንደ ድሮዋ አራዳ ገበያ አትክልቷን ትሸጣለች፤ ወሎ ያሉት ዘመዶቿ ደህና ናቸው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ወንድምሽ ግራዝማች ደምሴ መጣ። ገና ደጃፉን ሳያልፍ፣ «ሰንጋ አዘጋጅቻለሁ፤ አንተ ዳሱንና ጠላውን ብቻ አስብ» አለኝ። ሙት ዓመትሽ በጾመ ጽጌ እንደሚውል፣ አንቺም እኔ ካወቅሁሽ ጀምሮ ጽጌን አንድ ዓመት እንኳ እንዳላጓደልሽ ነገርኩት። ምን ብሎ ቢመልስልኝ ጥሩ ነው? «ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው። ደግሞስ የሞተ ሰው አይጾምም!»

አስካለ፣ በስምሽ በሚቀርብ ማዕድ ላይ አንቺ በሕይወትሽ የማትነኪው ነገር ሊቀርብ ነው። ይህ ማስታወስ ነው ወይስ መርሳት? እኔ የአንቺን ሾርባ እንደማቀርብ ነገርኩት፤ ያንን በየጥቅምቱ የምትሠሪውን የባቄላና የአትክልት ሾርባ። ሳቀብኝ። «የእህቴን ሙት ዓመት በቅጠል ውሃ ልታወጣው? ዘመድ አዝማድ የበሽተኛ መረቅ ጠጥቶ ይመለስ?» አለ። ዘመድ አዝማድ የሚለውን ቃል ሲጠራ ደሜ ፈላ። አምስት ወር ሙሉ ስትታመሚ ደጃችንን ያልረገጠ ሁሉ፣ ቁርጥ አለ ሲባል ቢላውን ስሎ ይመጣል። ይህንኑ በፊቱ ነገርኩት። ተኮራርፈን ተለያየን።

እልህ ያዘኝና ሾርባውን ራሴ ለመሞከር ተነሣሁ። ከዚህ ሾርባ ጋር ያለኝን ነገር አንቺ ታውቂዋለሽ። ቤይሩት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በብርድ ጊዜ የምንበላው ነበር። በኅዳር በሽታ ጊዜ በትኩሳት ተኝቼ ስቃዥ ስሙን ስጠራ ሰማሽና፣ ከገበያ ያገኘሽውን ሁሉ ሰብስበሽ ሠራሽልኝ። አደንጓሬ፣ ዱባ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ የባቄላ እሸት። እኔስ ምን አልኩሽ? ገና ራሴን ከትራስ ቀና ሳላደርግ፣ «ይህ ወጥ ነው እንጂ ሾርባ አይደለም» አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ የማርምልሽ አላጣሁም። ወፈረ። ዱባው በዛ። የበግ አጥንት ይጎድለዋል፤ ቤይሩት በአጥንት ነበር የሚሠራው። ደግሞ ለሁለት ሰው ይህን ያህል ትልቅ ድስት ለምን? አንቺ ሁሉንም ሰምተሽ ትስቂና በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ትሠሪ ነበር።

ስለዚህ የማውቀው መስሎኝ ነበር። ድስቱ ውስጥ የሚገባውን አንድ በአንድ በወረቀት ጻፍኩ፤ አንድም አልጎደለኝም። ከገበያ አስመጣሁ፣ አጠብኩ፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ጣድኩ፣ ጨውንም ለክቼ ጨመርኩ። ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ እሳቱ ሥር ቁጭ አልኩ። አደንጓሬው እንደ ጠጠር ቀረ። ጎመኑ ጠቆረ። ዱባው ሟሟ፤ እሸቱ በልጣጩ እንዳለ ተኮማትሮ ቆዳ ቆዳ አለ። የሚገባውን ሁሉ አውቅ ነበር፤ ምን ከምን በኋላ እንደሚገባ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩሽም። የሰው ጽሑፍ ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል እያልኩ የምጥል ሰው፣ በራሴ ድስት ቅደም ተከተል አጣሁ።

በማግስቱ ወደ ዘሀራ ሄድኩ። አራዳ ገበያ፣ ጎመኗን በውሃ እየረጨች ቁጭ ብላ ነበር። ነገሩን ስነግራት ሁለት እጆቿን አፏ ላይ አደረገች።

«ጨው መቼ ጨመሩ፣ አቶ መኩሪያ?»

«ሲጣድ ነዋ።»

«አይ እርስዎ! አደንጓሬ ሳይበስል ጨው ከቀመሰ ይኮራል። ከዚያ ወዲያ እንኳን እሳት ንጉሥ ቢያዘው እሺ አይልም።»

አጠገቧ ያሉት ሻጮች ሁሉ ሳቁ። ሌላ ቀን ቢሆን ተነሥቼ እሄድ ነበር። ያን ቀን ግን ደብተሬን አወጣሁና፣ «ንገሪኝ» አልኳት። «ይጽፉታል እንዴ!» አለችና ነገረችኝ። አደንጓሬው ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ለብቻው ይበስላል። ሽንኩርቱ በኑግ ዘይት ይቁላላል፤ ግማሹ ዱባ መጀመሪያ ይገባና እስኪሟሟ ይጠበቃል፣ ውፍረቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ካሮቱ ይከተላል፤ የቀረው ዱባ ተቆራርጦ ከዚያ በኋላ ይገባል። የባቄላው እሸት ከቅርፊቱ ከተፈለፈለ በኋላ ልጣጩም ይወልቃል፤ እሱና ጎመኑ ድስቱ ሊወርድ ሲል ይገባሉ። ጨው መጨረሻ። ይህን ሁሉ አንቺና እሷ አብራችሁ እንደምትሠሩት ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። እሸቱን የምትፈለፍለው እሷ ኖሯል፣ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል።

ያን ጊዜ፣ ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረውን ጠየቅኳት። ጾም ባልሆነበት ቀን እንኳ አስካለ አጥንት የማትጨምርበት ምክንያት ምን ነበር? ዘሀራ የያዘችውን ጎመን አስቀመጠችና አየችኝ።

«እስከ ዛሬ አያውቁም? የእናንተን ሥጋ እኛ አንበላ፣ የእኛን እናንተ አትበሉ። ባቄላ ግን አራጅ የለው።»

በኅዳር በሽታ ጊዜ ለካ የተኛሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ዘሀራ ቤት ባሏም ልጆቿም እሷም አንድ ላይ ወድቀው ነበር፤ ውሃ የሚያቀብላቸው ሰው አልነበረም። አንቺ ሁለት ድስት ለመጣድ ጉልበቱም እንጨቱም አልነበረሽም። ለሁለቱም ቤት የሚሆን አንድ ድስት ጣድሽ። እኔ በትራሴ ላይ ሆኜ ወፈረ ቀጠነ ስል፣ ግማሹ አጥሩን ተሻግሮ ነበር። ከዚያም በየዓመቱ። «ለሁለት ሰው ይህን ያህል ድስት ለምን?» ስልሽ ለምን አልነገርሽኝም? ብትነግሪኝ እከለክልሽ ነበር ብለሽ ነው? አልከለክልሽም ነበር። ግን ምናልባት እሱንም አርምልሽ ነበር። አጨላለፉን፣ አላላኩን፣ ሳህኑን። በወንድምሽ ላይ ስናደድ ከርሜ፣ ከገበያው ስመለስ ግን በራሴ ላይ የተናደድኩትን ያህል በማንም ላይ ተናድጄ አላውቅም።

ቤት ስደርስ በሬው ባሕር ዛፉ ሥር ታስሮ አገኘሁት። ወንድምሽ ሳያማክረኝ ልኮት ሄዷል።

በሬውን ቆሜ እያየሁ አሰብኩት። ይህ በሬ ከታረደ፣ ዘሀራና ቤተሰቧ ከዳሱ ውጭ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከራስጌሽ ያልተለየችው ሴት። ከንፈርሽን በጥጥ ታርስልሽ የነበረችው። አንቺን የገነዙት ሴቶች ውሃውን ያሞቁት በእሷ እንጨት ነው። በሙት ዓመትሽ እሷ ውጭ፣ ታመሽ ያልጠየቀሽ ውስጥ?

ገመዱን ፈታሁ። ካባዬን እንደለበስኩ፣ ኮፍያዬን እንዳደረግኩ፣ በሬውን እየጎተትኩ ወጣሁ። በጊዮርጊስ በኩል አድርጌ፣ በገበያው መካከል አልፌ፣ የሀብተ ጊዮርጊስን ድልድይ ተሻገርኩ። የአራዳን ሰው ታውቂዋለሽ፤ ዝም ብሎ አያሳልፍም። አንዱ፣ «ጌታው፣ ለሹመት እጅ መንሻ ነው?» አለ። ሌላው ተቀብሎ፣ «ኧረ በሬውም የተማረ ነው፣ አረማመዱን አታይም?» አለው። ድልድዩ ላይ በሬው ቆመ፤ ስጎትት እሱም ጎተተኝ። አንድ ሻጭ፣ «ማን ማንን እየነዳ እንደሆነ ሳይለይ መንገዱን አትዝጉብን!» ብሎ ጮኸ። ሳይታወቀኝ ከንፈሬ ፈገግ ሊል ነበር፤ ከለከልኩት። ንዴቴ እንዲባክን አልፈለግኩም።

ወንድምሽ በሩ ላይ አገኘኝ። «ሰው በሬ ሲያመጡለት ይመርቃል፤ አንተ ትመልሳለህ?» አለኝ። ዘሀራን ውጭ አስቀምጬ እንደማልበላ ነገርኩት። «ለእሷማ ሽሮ ለብቻዋ ይሠራላታል፤ ምን ቸገረ?» አለ። ለብቻዋ! ያናደደኝ ይህ ቃል ነው። አስካለ አንድ ቀን ለብቻዋ አላበላቻትም አልኩት። ገመዱን በእጁ አስያዝኩትና ዞርኩ።

እውነቱን ልንገርሽ። ስዞር ድምፁ ተሰበረ። «ያለችኝ አንዲት እህት ናት» አለ። በሬውን ሳየውም፣ ካሉት ሁሉ የተሻለውን መርጦ ነው የላከው። አልወደዳትም አልልም። ግን የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ያ መንገድ ደግሞ ወደ አንቺ አይመጣም።

በሙት ዓመትሽ ዋዜማ ከዘሀራ ጋር ትልቁን ብረት ድስት ጓሮ ጣድን። እሸቱን ስፈለፍል ያየች አንዲት አላፊ አግዳሚ፣ «ወይ ጉድ! ሽማግሌው ጓዳ ገባ» አለች። ቀና ብዬም አላየኋት። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱ መጡ፣ የሰፈሩ ሰው መጣ፣ ዘሀራ ከባሏና ከሴት ልጆቿ ጋር መጣች፤ ሁሉም አንድ ዳስ ውስጥ ተቀመጠ። ከካህናቱ አንዱ ሁለተኛ ሳህን ጠየቁ።

ወንድምሽ ዘግይቶ ከዘመዶችሽ ጋር መጣ። ዳሱ አፍ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አየ። «ፍትሐቷ ላይ ቆሜያለሁ፤ ይበቃኛል» አለና ተመለሰ። እነሱም ተከተሉት። ለዘመድ ያዘጋጀሁት አግዳሚ ባዶውን ቀረ። አልዋሽሽም፣ አመመኝ። ከደጀ ሰላም የመጡ ነዳያን ተቀመጡበትና ድስቱ እስከ ሥሩ ተጠረገ።

ጨው አንሶት ነበር። አደንጓሬው እንዳይኮራብኝ ፈርቼ ቆጠብኩት። ሁሉም ቀመሰ፣ ሁሉም አወቀ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድም ያረመኝ የለም። በልተው መረቁኝ። አንቺ በየዓመቱ ሳህኑን ይዘሽ ፊቴን ስታዪ ምን እንደምትጠብቂ ያን ጊዜ ገባኝ።

ስለዚህ ቃሌ ይህ ነው። ጥቅምት በመጣ ቁጥር ድስቱ ይጣዳል። ግማሹ አጥሩን ይሻገራል፣ አጥንት አይገባበትም። ስምሽ የሚጠራው በዚያ ድስት ዙሪያ ነው እንጂ በቢላ ዙሪያ አይደለም። የቤይሩትንም ስም ሁለተኛ አላነሣም፤ ሾርባው የአንቺ ነው። ዘሀራ አሠራሩን በደንብ ታስተምረኛለች፤ እኔም ሳላርማት ዝም ብዬ ልማር ብያለሁ። ዝም ማለት እንዴት እንደሚከብደኝ ታውቂያለሽ፤ ስለ አንቺ ብዬ እሞክረዋለሁ።

ወንድምሽ ደግሞ በሬ ይዞ ከመጣ ግን ዝም አልልም።

ባልሽ
መኩሪያ